ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቻትቦት የሚሰጠንን ምክር ምን ያህል እንመን?

የመነሻ ጽሑፍ

ለጎጃም ልጆች የውይይት መድረክ አባላት ሰላምታዬን አስቀድሜ፣ በቤተሰባችን የደረሰውን አንድ ነገር ከደብረ ማርቆስ ላቅርብ። አክስቴ ለብዙ ዓመታት አንገታቸው ላይ የቆየውን እንቅርት ባለፈው ወር በቀዶ ሕክምና አስወጡ። ሥራው በደኅና ተጠናቅቆ በሁለተኛው ቀን ከቢቸና ወጣ ብላ ወደምትገኘው መንደራቸው ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ የእጃቸው ጣቶች ይነዝሯቸው፣ የከንፈራቸው ዙሪያም ይደነዝዝባቸው ጀመር። የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጃቸው ስልኩን አውጥቶ አንዱን ቻትቦት (ጥያቄ ሲጻፍለት በጽሑፍ የሚመልስ የኮምፒውተር ፕሮግራም) በአማርኛ ጠየቀ። የጻፈው የእናቱን ዕድሜና የጣታቸውን መደንዘዝ ብቻ ነበር። መልሱ የተረጋጋና ምንም የጎደለው የማይመስል ነበር፤ በክንድ ላይ ተኝቶ ማደር፣ የቫይታሚን ቢ እጥረት፣ ድካምና ጭንቀት ምክንያት ሊሆኑ እንደሚችሉ ዘረዘረ፣ እጅን ማፍታታትና ማረፍን መከረ፣ ካልተሻላቸው በሳምንት ውስጥ ሐኪም ቢያዩ መልካም እንደሆነ አሳሰበ።

ልጁ ለእኔ የደወለው ከቀትር በኋላ ነው። እኔም ያንኑ ቻትቦት በራሴ ስልክ ጠየቅሁት። የጨመርሁት ነገር ቢኖር ከሦስት ቀን በፊት እንቅርት ማስወጣታቸውን ነው። መልሱ ፈጽሞ ሌላ ሆነ። በደማቸው ውስጥ ያለው ካልሲየም ወርዶ ሊሆን እንደሚችል፣ ይህም ጡንቻን እስከ ማኮማተርና የልብ ምትን እስከ ማዛባት ሊደርስ ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል እንዲወሰዱ ነገረኝ። ወሰድናቸው፤ ደማቸው ተመረመረ፤ ካልሲየም በደም ሥር ተሰጣቸው፤ ዛሬ ደኅና ናቸው።

እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ግን የመጀመሪያው መልስ ነው። ልጁ ባይደውል ኖሮ በዚያው መልስ ተማምነው ያድሩ ነበር። ስለዚህ አባላትን የምጠይቀው ይህን ነው፦ ሰርጂን (የቀዶ ሕክምና ሐኪም) በቅርብ በማይገኝበት በእኛ አገር፣ ቀዶ ሕክምናን በሚመለከት እነዚህ ቻትቦቶች የሚሰጡትን ምክር እስከ የት ድረስ ልንቀበለው ይገባል?

(ክሩ፣ ማለትም የጥያቄውና የምላሾቹ ተከታታይ፣ ስለ ረዘመ መጀመሪያውን ለማግኘት የተቸገሩ አባላት ጠይቀውኛል። ምላሾቹን በየተራቸው፣ በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስፍሬአቸዋለሁ።)

1ኛ ምላሽ

ቀድሞ የጻፈው በፍኖተ ሰላም የሚሠራ ነርስ ነው። ለአክስቴ ምሕረትን ከተመኘ በኋላ ነገሩ ከየት እንደሚመጣ በትሕትና አስረዳ። ከእንቅርቱ ዕጢ ጀርባ የምስር ፍሬ የሚያህሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት የሆኑ ትንንሽ ዕጢዎች አሉ፤ የደምን ካልሲየም የሚቆጣጠሩት እነርሱ ናቸው። እንቅርቱ ሲወጣ እነዚህ ዕጢዎች ከተነኩ ወይም ደም የሚያደርሳቸው ሥር ከተጎዳ፣ ካልሲየሙ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ይወርዳል፤ የጣትና የከንፈር ዙሪያ መደንዘዝም ቀድሞ የሚታየው ምልክት ነው። ይህ ለታካሚው ከሆስፒታል ሳይወጣ ሊነገረው የሚገባ ነገር መሆኑን ጨምሮ፣ ለአክስቴ ተነግሯቸው እንደሆነ ጠየቀኝ። ጠይቄ መለስሁለት። የመውጫ ወረቀታቸው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ በቃል ከተነገራቸው ውስጥም ከመድኃኒቱ አወሳሰድ በቀር የሚያስታውሱት የለም። ወረቀቱን በአማርኛ አንድ መስመር ቢጨምሩበት ኖሮ ይህን ክር ባልከፈትሁ ነበር።

2ኛ ምላሽ

ባሕር ዳር የሚኖር የሶፍትዌር ባለሙያ ነገሩን ከመሣሪያው ወገን ሆኖ ተመለከተው። ቻትቦቱ ከእጅግ ብዙ ጽሑፍ ተምሮ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመተ የሚጽፍ እንጂ ሕመምተኛን የሚያውቅ እንዳልሆነ፣ ያልተነገረውንም ነገር ከየትም ሊያመጣው እንደማይችል ገለጸ። በእርሱ አስተያየት ሁለት መልስ የመጣው ሁለት ጥያቄ ስለ ተጠየቀ ነው፤ ጥፋቱም የጠያቂው ነው። ለመሣሪያው ብቃት ምስክር አድርጎም በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ጠቀሰ፤ ከእነዚህ ቻትቦቶች አንዱ የሆነው ቻት ጂፒቲ በአሜሪካ ሐኪሞች ለሥራ ፈቃድ በሚወስዷቸው ፈተናዎች ላይ ወደ ማለፊያው ነጥብ የተጠጋ ወይም የደረሰ ውጤት ማምጣቱን የሚያሳየውን ማለቱ ነው።

3ኛ ምላሽ

በዳንግላ የምታስተምር እህት ይህን በዝምታ አላለፈችውም። የጣት መደንዘዝ ከአንገት ቀዶ ሕክምና ጋር እንደሚገናኝ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያውኑ ቻትቦት ምን ያደርግለታል ስትል ጠየቀች። ለመጠየቅ መልሱን አስቀድሞ ማወቅ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ መሣሪያው የሚጠቅመው ለሐኪም እንጂ ለገበሬ ልጅ አይደለም የሚል ሐሳብ አቀረበች። ቃሏ ጠንከር ያለ ነበር፤ ባለሙያውን በከተማ ሰው ዓይን የሚያይ ብላዋለች። እኔ ግን በነገሩ ከእርሷ ጋር ነኝ። የአክስቴን ልጅ ያህል ለእናቱ የሚሳሳ ሰው አላውቅም፤ የጎደለው እውቀት ነው፣ መጉደሉም ጥፋት ሆኖ ሊቆጠርበት አይገባም።

4ኛ ምላሽ

የኅብረተሰብ ጤና ተማሪ የሆነ አባል ያመጣው ማስረጃ የክሩን አቅጣጫ ለወጠው። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በእንግሊዝ አገር 1,298 ሰዎችን አሳትፈው፣ የሕመም ታሪክ በጽሑፍ እየሰጡ ምን ሕመም ሊሆን እንደሚችልና ወዴት መሄድ እንደሚገባ እንዲለዩ ጠየቋቸው። የሕመሙ ታሪክ እንዳለ ለመሣሪያዎቹ በቀጥታ ሲሰጥ በ94.9 በመቶው ሕመሙን ለይተዋል። ሰዎቹ እነዚያኑ መሣሪያዎች እየጠየቁ ሲሠሩ ግን ትክክለኛውን ሕመም የለዩት ከ34.5 በመቶ ባነሰው ነው፤ ይህም በለመዱት መንገድ ብቻ እንዲፈልጉ ከተተዉት ሰዎች የተሻለ አልነበረም። ሰዎቹ የሚያስፈልገውን ሁሉ አይነግሩትም፤ እርሱ ከሚሰጣቸው መልሶች መካከልም ትክክለኛውን ለይተው አይይዙም።

ይህን ሳነብ የአክስቴ ቤት ታሪክ በቁጥር ተጽፎ ያገኘሁት መሰለኝ። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው ተሳታፊዎቹ በራሳቸው ቋንቋ፣ በእንግሊዝኛ ይጠይቁ እንደነበር ነው። መሣሪያዎቹ ከተማሩት ጽሑፍ ውስጥ የእንግሊዝኛው ብዛትና የአማርኛው ማነስ ሲታሰብ፣ የእኛ ጠያቂ ከዚያ በተሻለ ሁኔታ ላይ ይገኛል ብሎ ለማመን ምክንያት አላየሁም።

5ኛ ምላሽ

የባሕር ዳሩ ባለሙያ ተመልሶ መጣ። የ3ኛውን ምላሽ አባል ይቅርታ ጠይቆ፣ ጥፋቱን በጠያቂው ላይ መጣሉ ትክክል እንዳልነበር አመነ። አንድ ጥሩ መሣሪያ መልስ ከመስጠቱ በፊት እንደ ሐኪም ራሱ መጠየቅ ይገባው እንደነበርም ተቀበለ። እስከዚያው ግን የሚጠይቅ ሰው ምንም ዓይነት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት እንደሆነና ስንት ቀን እንደሆነው፣ የሚወስደውን መድኃኒት፣ የማይስማማውን መድኃኒትና ሌላ ሕመም ካለበት እርሱንም ሳያስቀር እንዲጽፍ መከረ።

6ኛ ምላሽ

ከሞጣ የጻፈው አባል ያቀረበው ታሪክ በረጅሙ ሊነገር ይገባዋል። አያቱ ለቡአ ቀዶ ሕክምና ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተቀጥረው ነበር። ከማደንዘዣ በፊት ምግብ መቼ እንደሚቆም የታዘዘበትን ወረቀት ስላጡት፣ የልጅ ልጁ ቻትቦት ጠየቀላቸው። መልሱ፣ ከቀዶ ሕክምናው 6 ሰዓት በፊት ጾም እንዲሆኑ፣ ማለትም ከንጋቱ 4 ሰዓት በኋላ ምግብ እንዳይበሉ የሚል ነበር። ቤተሰቡ በመልሱ ግራ ተጋባ፤ ንጋት 4 ሰዓት የሚባል የለምና። አያቱ ግን ጾም የሚለውን ቃል ይዘው ነገሩን ቋጩት። ሥጋና ወተት ሳይነኩ፣ ማለዳ አንድ ኩባያ በሶ በጥብጠው ጠጡ፤ በሶ ጾም ነውና። የማደንዘዣ ባለሙያው ወደ ቀዶ ክፍል ሳይገቡ ምን እንደ ቀመሱ ጠየቃቸው፤ እርሳቸውም የማይዋሹ ሰው ስለሆኑ እንደነበረ ነገሩት፤ ቀጠሮውም ተላለፈ። በማደንዘዣ ውስጥ ያለ ሰው ጨጓራው ባዶ ካልሆነ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ እንደሚችል፣ ይህም ሊገድል እንደሚችል ያኔ ነው የተረዱት።

7ኛ ምላሽ

ዲቆን የሆነ አባል የቃሉን ነገር አረመ። ጾም በእኛ ዘንድ ሁለት ነገር እንደሚይዝ፣ አንደኛው እስከ ተወሰነ ሰዓት ከእህልና ከውኃ መከልከል፣ ሁለተኛው ከሥጋና ከወተት ተዋጽኦ መራቅ እንደሆነ አብራርቶ፣ አያቱ ሁለተኛውን መያዛቸው ስሕተት ተብሎ ሊነቀፍ እንደማይገባ ጻፈ። ለሕክምናው ምንም ሳይበሉ ሳይጠጡ ማለት የሚሻል መሆኑንም አመለከተ። ይህን ቃል ቻትቦትም ሆነ የጤና ባለሙያ ቢይዘው መልካም ነው።

8ኛ ምላሽ

በጎንቻ የሒሳብ መምህር የሆነ ሰው ሰዓቱን አሰላና እኔን ያስደነገጠኝን ነገር አሳየ። የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከውጭው በ6 ሰዓት ይለያል። ለጠንካራ ምግብ የሚሰጠው መከልከያም እንዲሁ 6 ሰዓት ነው፤ ለንጹሕ ውኃ ግን 2 ሰዓት ነው። ቻትቦቱ የእኛን 4 ሰዓት በውጭው ቆጠራ ወደ 10 በትክክል መልሶ፣ ከዚያ ላይ 6 ቀንሶ 4 አገኘ። ይህን 4 ወደ እኛ ሰዓት ሳይመልስ በአማርኛ ሲጽፈው፣ አንባቢው የሚያየው የቀዶ ሕክምናውን ሰዓት ራሱን ነው። ሁለቱ ስድስቶች ተጣፍተው መከልከያው እንዳለ ይጠፋል። የሚናገረው አማርኛ ስሕተት የለበትም፤ ስሌቱም ስሕተት የለበትም፤ ሰውየው ግን በልቶ ይገባል።

ከ9ኛ እስከ 11ኛ ምላሽ

እዚህ ላይ ክሩ ወደ ጨው ዞረ። አንዲት እናት የአክስቴን እንቅርት አንሥተው፣ በልጅነታቸው በመንደራቸው እንቅርት የሌላት ሴት ማግኘት ያስቸግር እንደነበር አወሱ። ሌላው አባል እጥረቱ እንቅርት የሚያመጣው አዮዲን ከደጋው አፈር በዝናብ ታጥቦ እንደሚሄድ፣ በኢትዮጵያም ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በ2011 እ.ኤ.አ. ደንብ መውጣቱን ጨመረ። ሦስተኛዋ አዮዲን ያለበት ጨው በጸሐይና በእሳት ስለሚዳከም፣ በክዳን ዕቃ እንዲቀመጥና ወጡ ሊወርድ ሲል እንዲጨመር መከረች። ጠቃሚ ነው፤ ራሱን የቻለ ክር እንዲከፈትለት ጠይቄ ወደ ጉዳያችን መለስሁት።

12ኛ ምላሽ

የቡሬ ነጋዴ የሆነ አባል በምሬት ጻፈ። ሐኪም ዘንድ ለመድረስ ሁለት ቀን ተሰልፎ እንደነበር፣ ሐኪሙም ቀና ብሎ ሳያየው በጥቂት ደቂቃ ወረቀት ጽፎ እንደ ሸኘው፣ ቻትቦቱ ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሳይቀር ሳይሰለች እንደሚያዳምጠው ተናገረ። በሐኪሞች ላይ የሰነዘረው ቃል ከባድ ስለ ነበር እዚህ አልደግመውም። የ4ኛው ምላሽ ጸሐፊ በመካከል ገብቶ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ጥናት 195 የሕመምተኛ ጥያቄዎችን ወስዶ የሐኪምንና የቻትቦትን መልስ ባለሙያዎች ማንነቱን ሳያውቁ ሲያወዳድሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ የቻትቦቱን እንደ መረጡ፣ በርኅራኄም እንደ በለጠ ገለጸ። ነጋዴው ስለ አክብሮት የተናገረው እውነት ነው፤ እኔም ተሰልፌ አውቃለሁ። ነገር ግን መልካም አነጋገር ያለው መልስ ከመልካም አነጋገሩ የተነሣ ሲታመን ማየት፣ ከአክስቴ ነገር ወዲህ ያስፈራኛል።

13ኛ ምላሽ

ለነጋዴው የመለሰው በክልላችን የሚሠራ ሰርጂን ነው። እንደ ተጎዳ ከጽሑፉ ያስታውቃል፤ ሆኖም አልተቆጣም። በአንድ ቀን የሚጠብቀው ሕመምተኛ ብዛት ቀና ለማለት ፋታ እንደማይሰጥ ካስረዳ በኋላ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን አስተማማኝና አቅምን ያገናዘበ ቀዶ ሕክምና የማያገኘውን የዓለም ሕዝብ 5 ቢሊዮን ብሎ መገመቱን አስታወሰ። ሰው ወደ ስልኩ መዞሩን አይነቅፍም፤ ባዶ ቦታ ስላገኘ ነው የዞረው።

ከዚያ ግን መሣሪያው ሊያደርገው የማይችለውን ነገር ዘረዘረ፤ ሙሉውን ክር ካላነበባችሁ ይህን ምላሽ አንብቡ። የሆድ ሕመም ያለበትን ሰው የሚለየው እጅ ነው። ሆዱ እንደ ሰሌዳ መጠንከሩን፣ እጅ ተጭኖ ሲነሣ ሕመሙ መባሱን፣ ስፌቱ አካባቢ ያለው መቅላት ከትናንት መስፋቱን ማንም ስልክ አይዳስሰውም። ሕመምተኛው ራሱም እነዚህን በቃል ሊገልጻቸው አይችልም፤ አመመኝ ነው የሚለው። ሌላው፣ መሣሪያው የተማረው የሩቅ አገር ሕመም ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ አንጀት የሚዘጋበት ዋናው ምክንያት ከቀድሞ ቀዶ ሕክምና የቀረ የአንጀት መጣበቅ ነው። በእኛ ደጋ ግን ከዚህ በፊት ቢላ ነክቶት የማያውቅ፣ በተለይ ጎልማሳ ወንድ፣ ትልቁ አንጀቱ በራሱ ላይ ተጠምዝዞ ይመጣል። ቀዶ ሕክምና ተደርጎልህ ያውቃል ተብሎ አያውቅም ያለ ገበሬ ከአደጋ ውጭ ተደርጎ ሊታይ ይችላል፤ አንጀቱ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል።

14ኛ ምላሽ

ይህ በተጻፈ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ከደብረ ኤልያስ በኩል አንዲት እህት የሚከተለውን አሰፈረች። አባቷ ሆዳቸው ከተነፋ ሁለተኛ ቀናቸው ነው፤ ሰገራም ጋዝም አልወጣቸውም፤ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው አያውቅም። ቻትቦት ጠይቃ ድርቀት ሊሆን እንደሚችል፣ ብዙ ውኃ፣ አሰር ያለበት ምግብና የእግር ጉዞ እንደሚረዳ ነግሯት፣ ተልባ ስታጠጣቸው አድራለች። ከሰርጂኑ ጽሑፍ በኋላ ግን ፈርታለች።

15ኛና 16ኛ ምላሽ

የፍኖተ ሰላሙ ነርስ በሁለት መስመር፣ ምንም ነገር በአፋቸው እንዳይሰጣቸውና አሁኑኑ እንዲነሡ ጻፈ። ሰርጂኑም ተከትሎ ያንኑ አጸና፤ ጤና ጣቢያ ደርሰው ሪፈር ለመያዝ ጊዜ እንዳያጠፉ፣ በቀጥታ ደብረ ማርቆስ እንዲያደርሷቸው አሳሰበ።

17ኛ ምላሽ

አንድ አባል፣ ማንነቱን አልገልጽም፣ ከመሄዷ በፊት ምልክቶቹን በዝርዝር ጽፋ በድጋሚ ብትጠይቀው የተሻለ መልስ ልታገኝ እንደምትችል ሐሳብ አቀረበ። ክሩ ከተጀመረ ጀምሮ የዚያን ያህል የተቆጣ ሰው አላየሁም። የዳንግላዋ መምህርት፣ የቡሬው ነጋዴ ሳይቀር፣ በአንድ ድምፅ ገሠጹት። እኔም ጽፌ ነበር፤ ቃሌ ስለ ከረረ በኋላ አጥፍቼዋለሁ፤ በሐሳቡ ግን አሁንም ጸንቻለሁ። ስሕተቱ የሚስተካከልበት ጊዜ ያለው ጥያቄና የሌለው ጥያቄ አሉ፤ ያ የሁለተኛው ነበር።

18ኛ ምላሽ

ሲነጋጋ የደብረ ኤልያሷ እህት ተመለሰች። የጎረቤት አይሱዙ ለምነው ማታውን አድርሰዋቸው ነበር። የታየውም የትልቁ አንጀት መጠምዘዝ ነው። አንጀቱ ገና በሕይወት ስለ ነበር፣ በመቀመጫ በኩል ቱቦ ገብቶ አየሩ ሲወጣ ሆዳቸው ወዲያው ረገበ። ይህ ግን ጊዜያዊ እንደሆነ፣ ሳይቆረጥ ከተተወ ብዙ ጊዜ ተመልሶ እንደሚጠመዘዝ ተነግሯቸው፣ ለቀዶ ሕክምና በዚያው ተኝተዋል። ሐኪሙ የነገራትን ነገር ሁሉ በደንብ እንዳልያዘችው ገልጻ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ምን ምን መጠየቅ እንደሚገባት አባላትን ጠየቀች።

19ኛ ምላሽ

ይህ የእኔ ነው። ለአክስቴ ያልተጠየቀውን ሁሉ ለእርሷ ጻፍሁላት። የትኛው ክፍል እንደሚወጣና አንጀቱ እዚያው እንደሚቀጠል ወይም ለጊዜው በሆድ በኩል እንደሚወጣ፤ ምግብና ውኃ የሚቆምበት ሰዓት በእኛ አቆጣጠር፤ ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ በየትኛው ቀን የትኛው ምልክት ቢታይ ሳይጠብቁ እንደሚመለሱ፤ የሚደወልበት ስልክ። መልሱን በአማርኛ በወረቀት እንድታስጽፍም ለመንኋት። የባሕር ዳሩ ባለሙያ ጥያቄዎቹን በቻትቦት ረድፍ አስይዞ፣ ሰርጂኑ ካያቸውና ሁለቱን ካረመ በኋላ ለጠፈላት። ሐኪም ያላየውን አልላከም፤ ይህን በማድረጉ አመስግኜዋለሁ።

20ኛና 21ኛ ምላሽ

ማምሻውን እህታችን ሁለት ከረጢት ደም እንደሚያስፈልግ፣ የእርሷ ደም ለአባቷ እንደ ተስማማ፣ አንድ ሰው ግን እንደ ጎደለ ጻፈች። የቡሬው ነጋዴ ለገበያ ደብረ ማርቆስ እንዳደረ ገልጾ፣ የሚተኙበትን ክፍል ቁጥር ጠየቃት።